ጉበት በየት በኩል ይከፈላል?

በሜልበርን ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በ2018 ኖቬምበር 9 ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ብዙዎቻችሁ ልጅ ሲታመምባችሁ በምትሮጡበት በፓርክቪሉ ሮያል ችልድረንስ ሆስፒታል አንድ ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ታካሚዎቹ ከቡታን የመጡ፣ ዕድሜያቸው 15 ወር ገደማ የሆነ መንታ ሴቶች ልጆች ነበሩ። ሲወለዱ ጀምሮ ፊት ለፊት እየተያዩ ሆድ ለሆድ ተጣብቀዋል። ያመጣቸው ችልድረን ፈርስት ፋውንዴሽን የሚባል የዚሁ አገር በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የቀዶ ሐኪሞቹ መሪ ዶክተር ጆ ክራሜሪ ነበሩ፤ ሥራው ከስድስት ሰዓት ትንሽ ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ሐኪሞቹን ከሁሉ በላይ ያሳሰባቸው አንጀታቸው የጋራ ይሆን ይሆናል የሚለው ነበር። ሆዳቸው ሲከፈት አንጀታቸው የየራሳቸው ሆኖ ተገኘ። ጉበታቸው ግን አንድ ላይ የተያያዘ ነበር።

ያ ጉበት ተከፈለ። ሁለቱም ልጆች ዳኑ፤ በ2019 ማርች ከእናታቸው ጋር አገራቸው ገቡ። ልብን ለሁለት ሰንጥቆ ሁለት ሰው ማኖር አይቻልም። ጉበትን ይቻላል። ዛሬ ማታ የመጣሁት ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመንገር ነው፤ ምክንያቱም ይህን ያወቀ ሰው የራሱን የምርመራ ወረቀት ይዞ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ እንደ እንግዳ አይደናገርም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቀኝ መዳፋችሁን በቀኝ በኩል ከጡት ዝቅ ብሎ የጎድን አጥንታችሁ ላይ አሳርፉ። ከሥሩ ያለው ጉበታችሁ ነው። ከላይ የሚያዋስነው ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ስለሆነ አየር ስትስቡ አብሮ ይወርዳል፣ ስታስወጡ አብሮ ይወጣል። ሐኪም ሆዳችሁን ሲዳስስ «አየር ሳቡ» የሚላችሁ ጉበታችሁ ወርዶ ጣቱን እንዲነካው ነው። የአዋቂ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከውስጥ አካላችን የሚበልጠው የለም። በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.5 ሊትር ያህል ደም ያልፍበታል፤ ይህም ልብ ከሚረጨው ሩቡ ነው።

ይህ ደም የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። ሩብ ያህሉ ከልብ በቀጥታ በደም ቅዳ በኩል ይመጣል፤ ኦክስጂን የሞላበት ነው። ሦስት አራተኛው ግን ፖርታል በሚባለው ደም መልስ በኩል ከአንጀት፣ ከጨጓራና ከጣፊያ ይመጣል። የበላነው እንጀራ፣ የጠጣነው ጠላ፣ የዋጥነው ክኒን ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ ወደ ሌላው አካል ከመድረሱ በፊት ጉበት ዘንድ ይቀርባል። ጉበት ስኳሩን ያከማቻል፣ መርዙን ይሰብራል፣ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፣ ቅባት የሚያሟሟውንም ሐሞት ያመነጫል። ከዚያ በኋላ ደሙ የጉበት ደም መልስ በሚባሉ ሦስት ታላላቅ ሥሮች ተሰብስቦ ወደ ልብ ይመለሳል። ሁለት መግቢያ፣ አንድ ዓይነት መውጫ። ይህን ያዙልኝ፤ ቀሪው ነገር ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው የበግ ጉበት ዛሬ ጠዋት ከፉትስክሬይ ገበያ የተገዛ ነው። እዚህ ካላችሁት መካከል በዓመት በዓል በግ ሲበለት ያላየ ያለ አይመስለኝም፤ ለዱለት ጉበት የከተፋችሁም ብዙ ናችሁ። ሐሞቱን ሥጋ ቤቱ አንሥቶታል፤ ተኝቶበት የነበረው ጎድጓዳ ቦታ ግን ይኸው ይታያል። ላዩ ለስላሳ ነው፤ ልገልብጠው። ሆዱ ላይ፣ መሐል አካባቢ፣ ስንጥቅ አለ። ይህ የጉበት በር ነው፤ ፖርታሉ፣ ደም ቅዳውና የሐሞት ቱቦው ሦስቱም ተያይዘው የሚያልፉት በዚህ ነው።

አሁን በቢላ ከላይ እስከ ታች ልክፈተው። የተቆረጠውን ፊት ቀርባችሁ እዩት፤ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ አለ። አንደኛው ዙሪያውን ነጭ ጠንካራ ሽፋን ለብሷል፤ ስትከትፉ ቢላችሁን የሚያስቸግረው ነጭ ጅማት ይህ ነው። ሁለተኛው ሽፋን የለውም፤ ቀጭን ግድግዳው ከጉበቱ ሥጋ ጋር ስለተጣበቀ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ሽፋን ያለው የመግቢያው ቅርንጫፍ ነው፤ ሦስቱ ቧንቧዎች በአንድ እጅጌ ውስጥ እየተጓዙ ከትልቅ ወደ ትንሽ እየተከፋፈሉ እስከ ዳር ይዘልቃሉ። ሽፋኑ ዛሬም የሚጠራው በ1654 ስለ ጉበት አናቶሚ መጽሐፍ ባሳተመው በእንግሊዛዊው ሐኪም በፍራንሲስ ግሊሰን ስም ነው። አፉን የከፈተው ደግሞ መውጫው ነው። ጣቴን ባስገባበት ሽቅብ ወደ ጀርባ ይወስደኛል፤ መግቢያውን ብከተል ወደ በሩ ይመልሰኛል። ሁለቱ በአንድ ጉበት ውስጥ የተለያየ መንገድ ይሄዳሉ፤ መግቢያዎቹ በየክፍሉ መሐል፣ ታላላቆቹ መውጫዎች በክፍሎቹ ድንበር ላይ።

ይህን ለማወቅ ግን የሰው ልጅ እጅግ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ያስተማረው ሐኪሙ ጋለን የሰው አስከሬን መክፈት ስላልቻለ ጦጣና አሳማ፣ ሌሎችንም እንስሳት ከፍቶ ተማረ። የብዙ እንስሳት ጉበት በጥልቅ ስንጥቅ የተለያዩ፣ ሎብ የሚባሉ ክፍሎች አሉት። ስለዚህም የሰው ጉበት አምስት ሎብ አለው የሚል ትምህርት ከእርሱ በኋላ በመጡት ዘንድ ከሺህ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ። የአናቶሚ ሊቁ አንድሪያስ ቬሳሊየስ እንኳ በ1538 ባወጣው ሥዕል አምስት ሎብ ያለው ጉበት ነው ያሳየው። በ1543 ታላቁን መጽሐፉን ሲያሳትም ግን ከመጽሐፍ የወረሰውን ትቶ በእጁ ከፍቶ ያየውን የሰው ጉበት ሣለ። እኔ ቬሳሊየስን የማከብረው ስለዚህ ነው፤ ራሱ ያሳተመውን በአምስት ዓመት ውስጥ አረመ።

በዓይን ሲታይ የሰው ጉበት ምን ይመስላል? ፊቱ ላይ ከሆድ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው ስስ ሽፋን አለ። ከዚያ ሽፋን በስተ ቀኝ ያለው ቀኝ ሎብ፣ በስተ ግራ ያለው ግራ ሎብ ይባላል፤ ቀኙ ግራውን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ገልብጠን ስናይ ሁለት ትንንሽ ሎቦች ይጨመራሉ፤ ከኋላ ኮዴት፣ ከፊት ከሐሞት ከረጢቱ አጠገብ ኳድሬት። የአናቶሚ ተማሪ አራት ሎብ ብሎ የሚቆጥረው እነዚህን ነው። በዚያ ሽፋን የታችኛው ጠርዝ ውስጥ አንድ ክብ ጅማት አለ። ዛሬ ደም አያልፍበትም። በእናታችን ማሕፀን ሳለን ግን ከእትብት ወደ ጉበታችን ደም ያመጣልን የነበረው ሥር እርሱ ነው፤ ተወልደን እትብታችን ከተቆረጠ በኋላ ተዘግቶ ጅማት ሆነ። ሁላችንም ይዘነዋል።

ይህ አከፋፈል ለዓይን ግልጽ ነው፤ ለቀዶ ሐኪም ግን አሳሳች ነበር። ያሳየውም ጄምስ ካንትሊ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። ካንትሊ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሕክምና ያስተምር ነበር፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ኋላ የቻይና ሪፐብሊክ መሥራች የሆነው ሱን ያት ሰን ነው። ሱን ያት ሰን ለንደን ውስጥ በቻይና ሌጋሲዮን ሲታገት ተሯሩጦ ያስለቀቀው ይኸው መምህሩ ሲሆን፣ ጊዜው አባቶቻችን አድዋ ላይ ድል ያደረጉበት 1896 ነበር። በማግሥቱ ዓመት ካንትሊ ስለ ጉበት ያቀረበው ጽሑፍ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። አንድ አስከሬን ሲመረምር የጉበቱ ቀኝ ክፍል በበሽታ ኮስምኖ፣ ግራው በምትኩ ፋፍቶ አገኘው። የኮሰመነውና የፋፋው የተገናኙበት መስመር ግን በዓይን የሚታየው ሽፋን ያለበት ቦታ አልነበረም። ከሐሞት ከረጢቱ ተነሥቶ በስተ ኋላ ወደ ታላቁ ደም መልስ የሚያቀና፣ ከላይ ምንም ምልክት የሌለው መስመር ነበር።

መሬት በመስኖ ያረሰ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ሁለት ማሳ በአጥር ቢለይም ውኃው ከአንድ ቦይ ከመጣ ቦዩ ሲደርቅ ሁለቱም ይደርቃሉ፤ አጥር የሌለው አንድ ሰፊ ማሳ ደግሞ ከሁለት ቦይ የሚጠጣ ከሆነ ግማሹ ሲጠወልግ ግማሹ ለምለም ሆኖ ይቆያል። በካንትሊ መስመር ሲለካ ኳድሬት ሎብ የቆየው አናቶሚ ከቀኝ ቢቆጥረውም የግራው ነው፤ ምክንያቱም ደሙን የሚያገኘው ከግራው ቅርንጫፍ ነው። ቀኝና ግራም በመጠን ያን ያህል የተራራቁ አይደሉም።

ሥራውን ወደ ፍጻሜ ያደረሰው ፈረንሳዊው ክሎድ ኩይኖ ነው። ኩይኖ ፓሪስ ውስጥ በአስከሬን ጉበት ሥሮች ፈሳሽ ፕላስቲክ ይሞላል፤ ሲጠጥር ሥጋውን በአሲድ ያሟሟዋል። የሚቀረው የሥሮቹ ዛፍ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ጉበት ስምንት ክፍሎች እንዳሉት በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ፤ ሴግመንት ይባላሉ። እያንዳንዱ ሴግመንት የራሱ የፖርታል ቅርንጫፍ፣ የራሱ የደም ቅዳ ቅርንጫፍ፣ የራሱ የሐሞት ቱቦ አለው። ቁጥራቸውም በዘፈቀደ አልተሰጠም። 1 ከኋላ የተደበቀው ኮዴት ነው። 2 እና 3 በግራ ጫፍ ያሉት ናቸው፤ 4 ኳድሬትን የሚይዘው። በቀኝ በኩል ከፊት 5 ታች፣ 8 ላይ፤ ከኋላ 6 ታች፣ 7 ላይ። እነዚህ ቁጥሮች ዛሬ በዓለም ዙሪያ በጉበት ሲቲ ስካን ወረቀቶች ላይ ይገኛሉ። ከአገር አገር የተለያየውን የቀዶ ሕክምና አጠራር አንድ ያደረገው ስምምነት ደግሞ የተደረገው እዚሁ አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን፣ በ2000 ነው፤ የከተማዋንም ስም ይዟል።

ብሪዝበን በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው ግን ከዚያ በፊት ነው። በ1989 በከተማዋ ፕሪንሰስ አሌክሳንድራ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ራስል ስትሮንግ ከአንዲት ጃፓናዊት እናት የጉበቷን የግራ ቁራጭ ወስደው ገና ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጇ ተከሉለት። በሕይወት ካለ ሰው ተወስዶ በመተከል የተሳካው የመጀመሪያው ጉበት ይህ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጀርመኗ ሃኖቨር ሩዶልፍ ፒሽልማየር ከሞተ ሰው የተገኘን አንድ ጉበት ለሁለት ከፍለው ለአንድ ሕፃንና ለአንድ አዋቂ ተክለው ነበር። በዚያው 1988 በእኛዋ ሜልበርን፣ ሃይድልበርግ በሚገኘው ኦስቲን ሆስፒታል፣ የቪክቶሪያ የጉበት ንቅለ ተከላ ክፍል ሥራ ጀመረ፤ ለረጅም ዓመታት የመሩት ፕሮፌሰር ቦብ ጆንስ ናቸው።

አንድ ጉበት ለሁለት ታካሚ ሲከፈል አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ነው። ሴግመንት 2 እና 3፣ የጉበቱ አንድ አምስተኛ ወይም ትንሽ ከዚያ የሚበልጠው፣ ለሕፃን ይሄዳል፤ የተቀረው ለአዋቂ። ለምን 2 እና 3? የራሳቸው መግቢያና ወደ ግራው ደም መልስ የሚወጣ የራሳቸው መውጫ ስላላቸው ነው። ሐኪሙ ቢላውን በድንበሩ ላይ ሲያሳልፍ ከሁለቱም ወገን ደም የሚነፈገው ሥጋ ትንሽ ነው። ቆራጩ የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፦ የሚቀረው ክፍል በየት ይጠጣል፣ በየት ያፈሳል? ተጣብቀው የተወለዱ መንትዮችን ጉበት የሚለያይ ሐኪምም መልስ ሊያገኝለት የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ለእያንዳንዷ መግቢያዋ፣ መውጫዋ፣ የሐሞት ቱቦዋ መኖሩን ሳያውቅ አይቆርጥም።

ከዚያ በኋላ ጉበት የራሱን ሥራ ይሠራል። ጤነኛ ከሆነ፣ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ቢወሰድም የቀረው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይጠጋል። የተቆረጠው ሎብ ግን ተመልሶ አይበቅልም፤ ቅርጹም አይመለስም። የቀረው ነው የሚሰፋው። ለሕፃን የተተከለችው ቁራጭም ከሕፃኑ ጋር ታድጋለች። ይህን በተናገርሁ ቁጥር እደነቃለሁ፤ በሕክምና ዓመታት የማይለመዱ ነገሮች አሉ።

አውስትራሊያ ውስጥ አካሉን ከሞት በኋላ ሊለግስ የሚፈልግ ሰው ፈቃዱን ይመዘግባል፤ ሆኖም ጊዜው ሲደርስ ቤተሰቡ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ልትለግሱም ሆነ ላትለግሱ ብታስቡ፣ ሐሳባችሁን ለልጆቻችሁና ለትዳር ጓደኞቻችሁ በቁም ንገሩ። በሐዘን ሰዓት ያልሰሙትን እንዲገምቱ አትተዉአቸው።

አሁን ወደ አገራችን በሽታዎች ልምጣ፤ መግቢያና መውጫ ያልሁት እዚህ ይገለጣል። ቢልሃርዚያን ታውቃላችሁ። በጣና ዙሪያና በሌሎችም የአገራችን ውኆች ዳር ያደገ ሰው ሕፃን ሳለ ሲዋኝ ሊይዘው ይችላል። ትሏ በአንጀት ሥሮች ውስጥ ትኖራለች፤ እንቁላሏ በፖርታል ተወስዶ በጉበት መግቢያዎች ትንንሽ ቅርንጫፎች ይወተፋል። ዙሪያው ይጠነክራል፣ መግቢያው ይጠብባል፣ ደሙ ወደ ኋላ ይከማቻል፤ ጣፊያ ያብጣል፣ ሲብስም ታማሚውን ደም ያስመልሰዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የበሽታው ተሸካሚ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና እነርሱን በእንዶድ ለመግታት መድከማቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ሰው ሆዱ እየተነፋ የሚታመምበት፣ የሚሞትበትም የጉበት ሕመም ተነሥቶ ነበር። ምርመራው ያመለከተው ከእህል ጋር የሚቀላቀል የአንድ አረም መርዝን ነው። ይህ ዓይነት መርዝ የሚጎዳው መውጫዎቹን፣ የጉበትን ትንንሽ ደም መልሶች ነው። ደሙ ገብቶ መውጫ ሲያጣ ጉበት ያብጣል፣ ውኃው ወደ ሆድ ይፈሳል። ሁለቱም የጉበት ሕመም ይባላሉ፤ አንዱ መግቢያውን፣ ሌላው መውጫውን የያዘ ነው።

እዚህ ሜልበርን ለእኛ የሚያሰጋው ግን ከሁለቱም ይልቅ ሄፓታይተስ ቢ ነው። አገር ቤት ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው ወፍ በሽታ ይዞታል እንላለን፤ የሌሊት ወፍ ስላለፈበት ነው የሚሉም አሉ። ቢጫነቱን አባቶቻችን በትክክል አይተዋል፤ መንስኤው ግን የሌሊት ወፍ አይደለም። ይልቁንም ቢጫ ሳይሆኑ ቫይረሱን ተሸክመው ለአሥርተ ዓመታት የሚኖሩት እጅግ ይበዛሉ። የጉበት ሥጋ በውስጡ ሕመም አይሰማውም፤ የሚያመው ላዩን የሸፈነው ስስ ሽፋን ሲወጠር ነው። ስለዚህ አላመመኝም ማለት ጉበቴ ጤነኛ ነው ማለት አይሆንም።

ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ ወይም በልጅነት ይተላለፋል፤ በደምና በግብረ ሥጋም ይተላለፋል። በአንድ ትሪ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም፤ ማንንም ከማዕድ አትለዩ። አውስትራሊያ ከ2000 ጀምሮ ክትባቱን ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ በነፃ ትሰጣለች። ኢትዮጵያ በሕፃናት ክትባት ውስጥ ያካተተችው በ2007 ነው። እንግዲህ እዚህ ከተቀመጥነው ከአገር ቤት የመጣን አዋቂዎች አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን አልተከተብንም። የቤተሰብ ሐኪማችሁን የደም ምርመራውን ጠይቁ፤ አንድ ጊዜ ደም መስጠት ነው።

ቫይረሱ ያለበት ሰው ክትትል ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም በጉበት ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በአፍሪካውያን ዘንድ ካንሰሩ በወጣትነት፣ ጉበት ገና ሳይጠባበስ ሊነሣ ስለሚችል፣ የአውስትራሊያ የሕክምና መመሪያ ቫይረሱ ላለበት አፍሪካዊ ከ20 ዓመት ዕድሜው ጀምሮ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እንዲደረግ ይመክራል። ከእኛ መካከል ብዙ ወጣት ይህን አያውቅም፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። እብጠቱ በጊዜ፣ በአንድ ሴግመንት ውስጥ ተወስኖ ሳለ ከተገኘ፣ ሐኪሙ ኩይኖ ባወጣው ድንበር ያን ሴግመንት ብቻ ነቅሎ የቀረውን ጉበት በሙሉ መግቢያውና መውጫው ሊተው ይችላል። መስመሮቹን አልፎ ከተዛመተ ግን ያ ዕድል ይጠብባል።

የአልትራሳውንዱ ወረቀት ሲደርሳችሁ አትደንግጡ፤ አንብቡት። «ሴግመንት 6» ቢል በቀኝ፣ ከታች፣ ከኋላ ማለት ነው፤ «ሴግመንት 2» ቢል በግራ ጫፍ። ሲስት ወይም ሄማንጂዮማ የሚሉ ቃላት ካሉ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌላቸው ናቸው። «ሪደል ሎብ» ቢል ቀኝ ሎብ ወደ ታች ረዝሞ ወርዷል ማለት ነው፤ በሴቶች ላይ ይበልጥ ይታያል፤ በሽታ አይደለም። ከዚያ ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁት፦ የታየው በስንተኛው ሴግመንት ነው? መጠኑ ስንት ነው? ካለፈው ምርመራ ወዲህ ተለውጧል ወይ? የሚቀጥለው አልትራሳውንድ መቼ ነው? እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጃችሁን አታስጨንቁ፤ ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ በሉ፤ የብሔራዊው የአስተርጓሚ አገልግሎት ስልክ 131 450 ነው።